ኖር ያለው ሰው

ታንጉ የባሏን ቀኝ እግር ጭኗ ላይ አሳርፋ የአውራ ጣቱን ጥፍር በምላጭ ትከረክማለች። ለብ ባለ ውሃ ብትዘፈዝፈውም ጥፍሩ እንደ ቀንድ ነው። ሞላልኝ ፍራሹ ላይ በጀርባው ተንጋሎ የመጠለያውን ሸራ ያያል።

«ቀኙን ቀስ በይ» አላት። «ግራውን እንደፈለግሽ።»

«ለምን እንደፈለግሁ?»

«እሱ አይሰማኝማ። ከፈለግሽ ጎመን ክተፊበት።»

ታንጉ ሳትወድ ሳቀች።

ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን ከገቡ ወዲህ ሞላልኝ በጫኝና አውራጅነት የሚሠራው አቶ ኪዳነወልድ ዘንድ ነበር። ሰውዬው ከጂቡቲ የሚመጣ ጭነት የሚያራግፍ ድርጅትና ከከተማው ዳር አንድ ሰፊ መጋዘን አለው። እዚያ መጋዘን ውስጥ የአፈር ማዳበሪያ ክምር ሞላልኝ ላይ ተናደ። ወገቡ ተጎዳ፤ ግራ እግሩ በድን ሆነ። ሐኪሙ እንዳይቆም አጥብቆ ነግሮታል። አሁን የሚጠብቁት አቶ ኪዳነወልድ ለሠራተኞቹ መድን ከገባበት ድርጅት የሚመጣውን ሰው ነው። ያ ሰው ወደ ሐኪሞች ቦርድ ከላከው ቋሚ ጉዳት ተብሎ ካሣ ያገኛል። ቀላል ነው ካለ ግን ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ሞላልኝም በአንድ እግሩና በሚስቱ ትከሻ ይቀራል።

ታንጉ ቀኙን ጨርሳ ግራውን ልታነሳ ስትል ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ሰማች።

መጀመሪያ የገባው የጫኞቹ ካቦ ሳምሶን ነው። ማስቲካ ያኝካል፤ ስልኩን ደረቱ ላይ ይዟል። ሞላልኝን በዓይኑ ብቻ ሰላም ብሎ ከጥግ ቆመና የበሩን ሸራ ገለጠ። በተገለጠው በኩል ነጭ ጥምጥም ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ቄስ ገብረአማኑኤል ነበሩ፣ የአቶ ኪዳነወልድ የነፍስ አባት።

የሞላልኝ እጅ መሃል ወዳለው ምሰሶ ሄደ።

«ተው» አለች ታንጉ።

አልሰማትም። ዕድሜውን ሁሉ ጆንያ ባነሱ ክንዶቹ ምሰሶውን ከኋላው ጨምቆ ተሳበና ቆመ። ግራ እግሩ ያልተጨመቀ ልብስ ይመስል ተንጠለጠለ። ፊቱ ላይ ግን ለእንግዳ የሚገባው ፈገግታ ነበር።

«ኖር» አለ።

«በእግዜር፣ በእግዜር! ኧረ አትነሳ ልጄ» አሉ ቄሱ። ዘግይተው ነበር።

ሞላልኝ ሲወድቅ ታንጉ በትከሻዋ ደገፈችው። ፍራሹ ላይ ስታጋድመው ብርድ ልብሱ እየራሰ ሄደ። ነጠላዋን አውልቃ ጣለችበት። በመጨረሻ የገባው አቶ ኪዳነወልድ ሽታው ሲደርሰው የአንገት ልብሱን ወደ አፍንጫው ሳበ። ሳምሶን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«ተመስገን ነው» አለ አቶ ኪዳነወልድ በአንገት ልብሱ ውስጥ። «ቆምክ እኮ።»

«ይሄ ቆመ ይባላል?» አለች ታንጉ።

«እኔ ያየሁትን ነው እህቴ።» በፌስታል የያዘውን ሙዝ ከፍራሹ ግርጌ አስቀመጠ። ጫማው የታንጉን ምንጣፍ ረግጧል፤ ጭቃው እየተቆረሰ ይወድቃል። «እንደ ቤተሰብ እንነጋገር ብዬ ነው አባን ያስቸገርኳቸው። አምና አንድ ልጅ ጣቱ ቢቆረጥ መድኖቹ በየዓመቱ የምከፍላቸውን አረቦን ሰቀሉብኝ። ዘንድሮ ደግሞ ቋሚ ጉዳት ከተባለ የሚጭኑብኝን አልችለውም። ሰው ልቀንስ ነው። ማን የሚቀነስ ይመስልሻል? ይኸው የመጠለያው ልጅ ነው። ስለዚህ ቀላል ነው ይበልና እኔ ደግሞ የአቅሜን አስታምመዋለሁ።»

ሞላልኝ ዓይኑን ጨፍኗል። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። ቄሱ መስቀላቸውን በእጃቸው ይዘው፣ አቶ ኪዳነወልድን ሳይሆን የሳምሶንን ኪስ ያያሉ።

ወጡ። ታንጉ የራሰውን ልብስ ልታሰጣ ስትከተላቸው ከሸራው ማዶ ሳምሶን ሲናገር ሰማች።

«ቪዲዮው ጥርት ብሎ ወጥቷል ጋሼ። ፈገግ ሁሉ ብሏል። ምሰሶው አይታይም።»

«አላልኩህም? ቄስ ገብቶበት የሚተኛ ባላገር የለም።»

የቄሱ ድምፅ ተከተለ። «ለዚህ ኖሯል ያመጣኸኝ?»

«እኔ ተነሳ አላልኩትም አባ። የተነሳው ለእርስዎ ነው።»

ታንጉ ሽንት የነካውን ነጠላ እንደያዘች ሳታሰጣው ተመለሰች። ገብታ ምላጩን አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው። የግራ እግሩ ጥፍር ሳይቆረጥ ቀረ።

በሳልስቱ የመድን ድርጅቱ ሰው መጣ። ሴት ነበረች፤ ሮዳስ የምትባል፣ ብርድ ያኮራመታት ወጣት። አቶ ኪዳነወልድ እየመራ አስገባት። ታንጉ ውሃ አሙቃ የግራውን እግር ስትዘፈዝፍ ደረሱ። ሙዙ ከነፌስታሉ እንዳለ ነው፤ ጠቁሮ ውሃ አውጥቷል።

ከኋላቸው ማንም ያልጠራቸው ቄስ ገብረአማኑኤል በሩ ላይ ታዩ። የሞላልኝ እጅ እንደገና ወደ ምሰሶው ሄደ።

«እንዳትነሳ» አሉ ከደጅ ሆነው። «ገዝቼሃለሁ።»

እጁ አየር ላይ ቀረ።

«አባ፣ ይሄ ግዝት የሚያስፈልገው ነገር ነው?» አለ አቶ ኪዳነወልድ።

«አባቴ አንኮበር ገደሉ ላይ ሸክም የያዘ ሰው ሲገጥመው ከመንገድ ወርዶ ያሳልፈው ነበር። ጥምጥሙን እንዳሰረ። ሸክም ላለበት ሰው ይነሱለታል እንጂ እሱ አይነሳም።» ታንጉ በርጩማ ብታቀርብላቸው አልተቀመጡም። ወደ ሞላልኝ ዞረው ጎንበስ አሉ። «ኖር» አሉት።

ሞላልኝ ፊቱን ወደ ሸራው አዞረ። «በእግዜር» አለ በለሆሳስ። ታንጉ ሰማችው፤ ነገር ግን አላጽናናትም። ክብሩ የመጣው ሳምሶን ከቀረጸው በኋላ ነው።

«አቶ ሞላልኝ» አለች ሮዳስ። «የተላከልን ቪዲዮ ላይ ቆመው አየሁዎት።»

«ቆሜ ነበር።»

«ሐኪሙ እየከለከለዎት ለምን ቆሙ?»

«ሽማግሌ ገባ።»

ሮዳስ ብዕሯን አወጣች። «አሁንስ? ትንሽ ቢሞክሩ?»

«ተገዝቷል» አሉ ቄሱ።

«አባ፣ ሪፖርት ላይ ተገዝቷል ብዬ መጻፍ አልችልም እኮ።»

አቶ ኪዳነወልድ ሳቀ። ጥሩ ቀልድ የሰማ ሰው ሳቅ ነበር፤ ቄሱንም እንዲስቁ በክርኑ ነካቸው። ታንጉ የግራውን እግር ከውሃው አውጥታ ጭኗ ላይ አሳረፈችና አውራ ጣቱን ያዘች።

ሮዳስ ስለ ሥራው መጠየቅ ጀመረች። ሞላልኝ ወደ እሷ ዞሮ ይመልሳል፤ ክምሩ እንዴት እንደተናደ፣ ከላይ ማን እንደነበር፣ ጆንያው ምን ያህል እንደሚከብድ። ድምፁ የተረጋጋ ነው። ምላጩ ጥፍሩን አልፎ ሥጋ ውስጥ ገባ። ታንጉ ወዲያው አላወጣችውም። ደሙ በጣቱ ሥር ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠብ ጀመር፤ ውሃው ቀላ። ሞላልኝ አሁንም ስለ ጆንያው ያወራል።

የሮዳስ ዓይን እግሩ ላይ ነበር።

«አልተሰማዎትም?»

«ምኑ?» አለ ሞላልኝ።

የአቶ ኪዳነወልድ ፊት ላይ የቀረው ሳቅ ጠፋ። ሮዳስ ጎንበስ ብላ በብዕሯ ጫፍ ውስጥ እግሩን ጫን አደረገች፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ ባቱን። ሞላልኝ ብዕሩ ባቱ ላይ ደርሶ በዓይኑ እስኪያየው አላወቀም።

«ወደ ቦርድ ይሄዳል» አለች፤ ማንንም ሳታይ።

«አረቦኑስ?» አለ አቶ ኪዳነወልድ። «አረቦኑ ስንት ሊገባ ነው?»

ሮዳስ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እሱም ጥያቄውን እየደጋገመ ተከተላት፤ ሲወጣ ፌስታሉን በእግሩ ገፋው። ቄሱ ሁለቱ እስኪርቁ ጠበቁና በዝግታ ወጡ።

ታንጉ ቁስሉን በጨርቅ ጠቅልላ አሰረችው። እሷም እንደ አቶ ኪዳነወልድና እንደ ሳምሶን በዚህ ሰው አካል አንድ ነገር አሳይታለች፤ ይህን ስታስብ እጇን ለመታጠብ ፈለገች፣ ነገር ግን ውሃው ቀይ ነበር።

«ቆረጥሽኝ እንዴ?» አለ ሞላልኝ ጨርቁን አይቶ።

«ትንሽ።»

«ጎመኑን ጀመርሽ ማለት ነው።»

አልሳቀችም። የቀሩትን ጣቶች በጥንቃቄ፣ የሚሰማው እግር ይመስል ቀስ እያለች ከረከመች። ትንሿን ጣት ስትጨርስ ቁርጥራጮቹን ከምንጣፉ ለቅማ ሳህኑ ውስጥ ጣለች። ምላጩን አድርቃ በወረቀቱ ጠቀለለችና የሸራው ስፌት ውስጥ ሰካችው።