ሚስት ዝም ያለችበት እቶን

ሸክላ ሠሪዋ የባሏ ዓይን እንደደከመ ያወቀችው፣ በር ላይ የተሰቀለውን ካፖርት «ግባ እንጂ፣ ምን ያስቆምሃል?» ሲለው ነው። ካፖርቱ አልገባም። እሷም አውርዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተችው።

ነገሩ ግን በካፖርት የሚያልቅ አልነበረም። እሷ ማሰሮ ትሠራለች፣ እሱ ያቃጥላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእቶኑ ቀዳዳ አጮልቆ፣ የእሳቱን ቀለም አይቶ «በቃ» ሲል እንጨት መጨመር ይቆማል፤ የእቶኑም አፍ በጭቃ ይመረጋል። አሁን ደግሞ ሱቁን የያዘችው ልጃቸው እቅጩን ተናግራለች።

«አባዬ አርጅቷል። አንድ እቶን ካበላሸ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ። አለቀ።»

ሰውየው ያለ እቶኑ ምን ሊሆን ነው? ይህን ስታስብ ሆዷ ባባ። ስለዚህ ለዚህኛው እሳት አንድ ደግ ነገር ልታደርግለት ቆረጠች፤ ላትነዘንዘው።

ቀላል ውሳኔ እንዳይመስላችሁ። እቶን በተለኮሰ ቁጥር ስለ ጫማው፣ ስለ እህቱ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ስትወቅሰው ነው የምትውለው። እሱ አንድ ቀን እንኳ መልሶላት አያውቅም። «ከግድግዳ ጋር ነው የተጋባሁት» ትላለች ለጎረቤት።

በዚያ ቀን አፏን ዘግታ እንጨት አቀበለችው። ባሏ ሦስት ጊዜ ወዳለችበት ዞረ።

«አሞሻል እንዴ?»

«ደህና ነኝ።»

ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ላቡን ጠረገና «በቃ» አለ።

በቀዳዳው አየች። እሳቱ ገና ጥቁር ቀይ ነው፤ ቢጫ አልሆነም። ብትናገር ግን «አታይም» ማለቷ ነው። ጭቃውን ራሷ አቀበለችው።

በሦስተኛው ቀን እቶኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት፣ አንዱን ማሰሮ በጣቷ ቆረቆመችው። ጥርት ብሎ መጮህ ሲገባው እንደ ዱባ ድም አለ። እቶኑ ውስጥ የነበሩት አርባውም እንደዚያው።

ባሏ በርጩማው ላይ ቁጭ አለና «ያንቺ ጥፋት ነው» አለ።

«የኔ?!»

«ቀለም ካየሁ ሁለት ዓመቴ ነው። እሳቱ ሲደርስ ማሰሮዎቹ ያስጨንቁሽና ዝም ትያለሽ፤ እኔ ያኔ አቆማለሁ። አሁን ከጠዋት ጀምረሽ ዝም! እህቴን እንኳ አላነሳሻትም። የቻልኩትን ያህል ቆየሁ።»

አርባ ጥሬ ማሰሮ ከፊቷ ተደርድሮ፣ እሷ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«ታዲያ ስናገር ትሰማኝ ነበር?»

«አንድም ቃል አላመለጠኝ።»

ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። በሠላሳ ዓመት እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና እንጨት ልታመጣ ሄደች።

ደግነቱ፣ ያልበሰለ ማሰሮ ተመልሶ ይገባል። ልጃቸው ሳትደርስባቸው አርባውንም ደርድረው እንደገና ለኮሱ። ባሏ ቦታውን ያዘ።

«በይ እንግዲህ» አለ።

ከጫማው ጀመረች። ወደ ጣሪያው ወጣች። ከሰዓት በኋላ እህቱ ላይ ደርሳ ገና ሲሞቃት፣ በቀዳዳው ብታይ እሳቱ ቢጫ ሆኗል። የምትለው ግማሹ እንኳ አላለቀም ነበር። እንደምንም ዋጠችው።

«በቃ» አለ ባሏ፣ ወደ ቀዳዳው ዞር ሳይል።