የሉቃስ ሁለተኛ ዐይን

ልባም አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልጅ ኅሊና እጹብና ድንቅ መዝገብ ነው፤ ዓመታት የወሰዱትን መልክ፣ መቃብር የከደነውን ፈገግታ፣ አንደበት ረሳሁት ያለውን ነገር ሁሉ ሰብስቦና ሰውሮ ያኖራል፤ ባለቤቱ አጥብቆ ካልጠራው ግን አይሰጥም።

ጎንደር የነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በደንቢያ ምድር፣ አመተ ጽዮን የምትባል ጥበበኛና ትጉህ ሴት ነበረች። አባቷ አድገህ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ስመ ጥር የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ በመንደሯ አዲስ ደብር ሲታነጽ፣ ካህናቱ «ሴት ልጅ ደግሞ መቅደስ ትሥላለችን?» እያሉ ብዙ ካጉረመረሙ በኋላ አንድ ሸማ ለሙከራ ሰጧት፤ ሥዕሏ ከተወደደ ሸማው በመቅደሱ ግድግዳ ተለጥፎ የቀረው ሥራ ሁሉ የእርሷ ይሆናል፤ ካልተወደደ ግን ቀለሟን ደፍታ እንዝርቷን ታነሣለች።

እርሷም ወንጌላዊው ሉቃስ የእመቤታችንን ሥዕል ሲሥል ልታሳይ መረጠች፤ ለሉቃስም የአባቷን መልክ ሰጠችው። አቤት የዚያ ሰሞን ደስታዋ! አባቷ ሲሥል እርሷ በቀኙ ተቀምጣ ቀለም ትፈጭ ነበርና፣ ሽበት የጀመረውን ጉንጩን፣ ሲያስብ የሚነክሳትን የከንፈሩን ጫፍ፣ ከጆሮው ኋላ የሚሰካትን ቀለም መቀቢያ፣ አንድም ሳታስቀር ሣለች። ምግብ ሲያቀርቡላት እንኳ «ቆዩኝማ፣ እየመጣልኝ ነው!» ትል ነበር።

የደብሩ ሹም አለቃ ክንፈ ካህናቱን አስከትለው መጥተው ሸማው በተገለጠ ጊዜ ግን ከመካከላቸው አንዱ «ኧረ ጉድ!» ብሎ ጮኸ። እውነትም ጉድ ነበር፤ በሥዕል ሥርዓት ጻድቅ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ በሁለት ዐይኖቹ ይታያል፤ በጎኑ ዞሮ በአንድ ዐይን የሚሣለው ኃጥእና ጋኔን ነው። ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምታውቀው አመተ ጽዮን፣ በደስታዋ ብዛት ዘንግታ፣ ቅዱሱን ወንጌላዊ፣ የገዛ አባቷን፣ በአንድ ዐይን ሥላ ከይሁዳ ጋር ደምራው ዐረፈች!

«ልጄ» አሉ አለቃ ክንፈ እያዘኑ፣ «እጅሽ የተባረከ ነው፤ ይህ ግን መቅደስ አይገባም። እስከ ሠርክ ጸሎት ካላቀናሽው ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን።»

«አቀናዋለሁ፣ አባቴ» አለች። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ የአባቷ ሁለተኛ ዐይን ከቶ አልታወሳትም። የሌላ ሰው ዐይን ለአባቷ መስጠት ሞቷ ነው፤ ዐይኗን ጨፍና በጠራችው ቁጥር ደግሞ የሚመጣላት ያው ቀኝ ጎኑ ብቻ ሆነ። ቀኑ እየመሸ ሄደ።

በመጨረሻ አንድ ቀን ትዝ አላት። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ አባቷ ወጣ ሲል ጠብቃ፣ በታላቅ ድካም ባዘጋጀው ሸማ ላይ የጎረቤታቸውን ፊት ሣለችበት። ተመልሶ ባየው ጊዜ ይገርፈኛል ብላ ጥግ ስትይዝ፣ እርሱ ከሸማው ቀና ብሎ፣ ፊቱን በሙላት ወደ እርሷ መልሶ፣ በሁለት ዐይኖቹ ትክ ብሎ አያት። ግራይቱ ከቀኚቱ ጥቂት ታንስ ነበር! ሁለቱም እንባ አቅርረው ይስቁ ነበር።

«ማን አስተማረሽ፣ የእኔ እናት?» አላት።

አመተ ጽዮን «አገኘሁት! እሰይ፣ አገኘሁት!» ብላ ዘላ ተነሣች፤ የቀድሞውን ፊት በነጭ ቀለም ሸፍና፣ እየሣቀችና እያለቀሰች አዲሱን ሣለች። የሠርክ ደወል ሲደወል አለቃ ክንፈ መጡ። ሸማውን ባዩ ጊዜ ቆመው ቀሩ፤ ከሟቹ ጋር ሠላሳ ዓመት በወዳጅነት ኖረው ነበርና፣ ሳያስቡት «አድገህ፣ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትህ?» አሉት። ወዲያው ወደ ካህናቱ ዘወር ብለው፣ «ምን ትጠብቃላችሁ? ሙጫውን አምጡ!» አሉ።

ሰውን ሠዓሊ የሚያደርገው ዐይኑ ብዙ ዘመን ያየው አይደለም፤ እርሱ ራሱ አንድ ጊዜ በፍቅር የታየበት ቀን ነው።