የኋላ ወንበሩ እጀታ

ለሚመለከተው ሁሉ ይድረስ! ርዝመቱ ከጭልፋ የማይበልጥ አንድ እጀታ ከአውሮፕላኑ የኋላ ወንበር በስተግራ በክብር እንዲተከል የቤተሰቡ ጉባኤ ወስኗል። ውሳኔው የተላለፈው በሙሉ ድምፅ ነው። ድምፅ የሰጠችው ግን አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ሴትየዋ የጥርስ ሐኪሙ ሚስት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ መኪና መንዳት ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጥታለች። በከተማው የመኪና መሪ ከሚጨብጠው ሰው ግማሹ የእሷ ተማሪ ነበር፤ ሁሉም የሚያውቋት ታዲያ «ፍሬኗ» በሚለው ቅጽል ስሟ ነው። በማስተማሪያ መኪናዋ ውስጥ ከእሷ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን ነበር። ተማሪው ስህተቱን ገና ሲያስበው እሷ ረግጣ ትጠብቀዋለች። እግሯ እስከዛሬ ልማዱን አልተወም። ታክሲ ውስጥ ወለል ትረግጣለች፤ አሳንሰር ውስጥ ትረግጣለች፤ አንዴ እንዲያውም የልጃቸው ሠርግ ላይ ሙሽራው ንግግሩን ሲያስረዝምባት በሰው ፊት ረግጣለች።

ሐኪሙ ደግሞ በሣጥን ተበታትኖ የመጣ አውሮፕላን በጋራዡ ውስጥ ሲገጣጥም ዓመታት አሳልፏል። አንድ ወንበር ከፊት፣ አንድ ወንበር ከኋላ። መኪናቸው ደጅ ዝናብ ሲወርድበት የአውሮፕላኑ ክንፍ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ ደርቦ ተኝቷል። በመጨረሻ አውሮፕላኑ ተጠናቀቀ፣ ተመረመረ፣ በረረ። ደንቡ ሰው መጫን በከለከለበት የሙከራ ጊዜ ከኋላ የተሳፈረው የአሸዋ ከረጢት ነበር። ሐኪሙ የከረጢቱን ጠባይ አመስግኖ አይጠግብም፤ አያርምም፣ አይቆጣም፣ ወለል አይረግጥም። ነገር ግን ወንዙ ከታች እንደ ክር ሲጠማዘዝ «እይማ!» ብሎ ዞር ባለ ቁጥር ከከረጢቱ ጋር ይፋጠጣል። ባለ ሁለት ወንበሩን የመረጠው ለአሸዋ ብሎ አልነበረም።

ክልከላው የተነሣ ዕለት እየሮጠ ቤት ገባና ጠየቃት።

«እጄ ምንም በማይዝበት ነገር ላይ አልቀመጥም» አለችው።

«የኔ እመቤት፣ መሪው እኮ ከኋላም አለ።»

«መሪ መቼ አልኩህ? ሞተሩን የማበርድበት ነገር ስጠኝ። ያኔ እሳፈራለሁ።»

«የምርሽን ነው?»

«ሐሳቤን ሳልቀይር ብትጀምር ይሻልሃል።»

ጀመረ እንጂ! የሞተሩ ነዳጅ መስጫ እጀታ ያለው ከፊት፣ በአብራሪው ግራ እጅ በኩል ብቻ ነበር። ወደ ፊት ሲገፋ ሞተሩ ይጮኻል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይበርዳል። ለኋላው ወንበር ተመሳሳይ እጀታ ተክሎ ሁለቱን በግድግዳው ሥር በሚሄድ ቀጭን ዘንግ ማያያዝ ነው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ይከተላል። ሐኪሙ ታካሚ አፉን ከፍቶ እየጠበቀው በጥርስ መፈልፈያው ትሪ ላይ ንድፍ ሲሠራ ተያዘ።

ዘንጉን ቆርጦ የበየደለት የሚስቱ ወንድም ነው። እሱንም ሰፈሩ «አላልኩህም» ይለዋል፤ ምክንያቱም የማንም ነገር ሲበላሽ ቀድሞ ደርሶ የሚናገራት ቃል ይህችው ናት።

«ስማኝ ዶክተር» አለ በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፤ «አታገናኘው። ትከለውና ወደ ፊት ወደ ኋላ ይበል፣ በቃ። እሷ ደስ ይላታል፣ አንተም በሰላም ትበራለህ።»

«ባዶ እጀታ?»

«ታዲያስ! እህቴን እኔ አውቃታለሁ። ሰማይ ላይ ወፍ ካየች ሞተሩን ጭጭ ታደርገዋለች።»

ሐኪሙ ዘንጉን ተቀበለው። አባባሉ ከንቱ አልነበረም። አውሮፕላኑ መሬት በሚለቅበት ቅጽበት ከኋላ አንድ እጅ ሳብ ቢያደርግስ? «እሺ፣ እንዳልከው» አለና ሸኘው።

ብቻውን ሲቀር ማያያዣውን ብሎን መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያገላብጥ ቆየ። ጥግ ላይ የአሸዋው ከረጢት እንደ ወትሮው ምንም አስተያየት ሳይሰጥ ተቀምጧል። «አንተ እንኳ ባዶ እጀታ ይበቃህ ነበር» አለውና ከኋላው ወንበር ሥር ገባ።

ዘንጉ ከእጀታው የሚገናኝበት ቦታ ጭንቅላት አያስገባም። ሐኪሙ ግን የሰው መንጋጋ ጥግ ሲጎረጉር የኖረ ሰው ነው፤ ከክሊኒኩ ያመጣትን ክብ መስታወት ሰደደና በመስታወቷ እያየ ብሎኑን ከተተ፣ አጠበቀ። ከፊት ተቀምጦ እጀታውን ገፋ ሲያደርግ ከኋላ ቀጭ ሲል ሰማ። ሰማ! ወደ ኋላ ዞሮ ለማየት እንኳ ትዕግሥት አጣ። ወደ ቤት ሲሮጥ መፍቻው ኪሱ ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ ሜዳው ላይ ጎማዎቹ በግንድ ተደገፉ፣ ጭራው በገመድ ታሰረ። በያጁ የእሳት ማጥፊያ ታቅፎ ቆመ። ፍሬኗ ቀበቶዋን ሦስቴ ፈትሻ ከኋላ ተቀመጠች። ሞተሩ ተነሣ። ሐኪሙ ከፊት እጀታውን ለቀቀላት።

«አሁን ቀስ ብለሽ ስጪው!» አለ በጆሮ ማዳመጫው።

ወደ ፊት ገፋች። ሞተሩ ይጮኻል ሲባል ጭራሽ ተልፈሰፈሰ።

«ይሄ ነገር ባዶ ነው!»

«ኧረ አይደለም! ሳቢው እስቲ!»

በንዴት ሳበችው። ሞተሩ አገሳ! ሣሩ መሬት ላይ ተነጠፈ፣ የበያጁ ኮፍያ ሄደ፣ ኮፍያውን ተከትሎ በያጁም ሄደ፣ ገመዱ ተወጥሮ እንደ ክራር ዘፈነ። ፍሬኗ ደንግጣ፣ ለማቆም ብላ፣ አጥብቃ ሳበች፤ ባሰበት። ሐኪሙ የሞተሩን ማጥፊያ ቀጭ አደረገ።

ጸጥታ ሆነ። ሐኪሙ ነገሩ ገባው። ዘንጉን በመስታወት እያየ ሲያስገባ ከእጀታው መዞሪያ በላይ ባለው ቀዳዳ ፈንታ ከታች ባለው አስሮት ኖሯል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል! የሰው ጥርስ በመስታወት ገልብጦ መሥራትን የለመደ እጁ፣ ሳይጠየቅ ገልብጦ ሠራለት። አበቃ፤ አሁን ቀበቶዋን ፈትታ ትወርዳለች።

ከኋላው ሳቅ ሰማ። የምር ሳቅ፣ ከሆድ የሚወጣ።

«እውነተኛ ነው!» አለች። «ወንድሜ ባዶ እጀታ ሊሰጥሽ ነው ብሎ ነግሮኝ ነበር።»

«እሱ ነገረሽ?»

«ኋላ አላልኩሽም ለማለት እንዲመቸው ነዋ! ባዶ ቢሆን እኮ ተገልብጦ አይሠራም ነበር፣ አንተ ጅል። ውረድና አስተካክል፤ የእጅ ባትሪውን እኔ አበራልሃለሁ።»

አስተካከለ፤ መስታወቷን ነጥቃ ኪሷ ከታ፣ ወንበሩን አስፈትታ፣ በዓይኗ እያየች አሠራችው። «ግፋ። ሳብ። ድገም።» ሞከሩት፣ ልክ ሆነ። ግንዶቹ ተነሡ፣ ገመዱ ተፈታ።

በሜዳው ጫፍ ላይ ሐኪሙ ግራ እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ። ገና ሳይገፋ እጀታው ራሱ ከእጁ ሥር መሄድ ጀመረ። ሳይቆርጥ፣ ሳይነጥር፣ ለሺህ ተማሪ «ቀስ አድርገህ ነዳጅ ስጥ» ያለ ሰው እንደሚሰጠው። ሐኪሙ እጁን አነሣ። ሜዳው ሮጠ፣ ዛፎቹ ሮጡ፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ቀረና መሬት ወደ ታች ወረደች!

«እይማ! ወንዙን!» ብሎ ዞረ።

«ፊትህን እይ!» አለችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ በለሰለሰ ድምፅ «አየሁት» አለች። ወለሉ አልተረገጠም።

ሲያርፉ በያጁ ኮፍያውን ጨብጦ ጠበቃቸው።

«ዶክተር! ስትነሡ ግራ እጅህ አየር ላይ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ነዳጁን ማን ነበር የሚሰጠው? ደግሞ አታገናኘው ስልህ እሺ ብለኸኝ የለም እንዴ? ምን ነካህ?»

ሐኪሙ ከጋራዡ ይዞት የመጣውን የአሸዋ ከረጢት ከመኪናው አወጣና አሸከመው።

«እኔ አልናገርም፤ እሱን ጠይቀው» አለ ሐኪሙ።