ማሽኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። ማዘጋጃ ቤት ግዢ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ የተጣላሁትን ሰው ቁጥር እሱ ይወቀው። ይሄን ጉድ ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ አሻራ የሚያነብ ማሽን እንግዛ ተባለ። መራጩ ጣቱን ያስቀምጣል፣ ማሽኑ ለመታወቂያ ከሰጠው አሻራ ጋር ያስተያየዋል፣ አረንጓዴ ሲበራ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ይቀበላል። የጨረታ ኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። ሦስት አቅራቢዎች ቀረቡ፤ አንዱ ሰነድ ጎድሎት ገና በጠዋቱ ወደቀ። ከቀሩት ሁለቱ፣ የአንደኛው ማሽን ሰውን በአራት ሰከንድ ያሳልፋል። የሌላው ቀርፋፋ ነው፤ ግን አሻራው እምቢ ያለውን ሰው በፎቶና በሁለት ምስክር ፊርማ የሚያሳልፍበት መንገድ አለው። እኔ ያንን መንገድ "የማጭበርበሪያ ቀዳዳ" ብዬ ነጥብ ቀነስኩበት። ብልጥ መሆኔ ነበር።

ፈጣኑን ማሽን የሞከርነው እዚያው ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ፣ የሕግ ባለሙያው፣ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ ተራ በተራ ጣታችንን አስቀመጥን። ሁሉም አረንጓዴ። አጨበጨብን።

የኮምፒውተር ባለሙያችን ብቻ አላጨበጨበም። እሱን "አቶ ግን" ነው የምንለው፤ በ"ግን" ሳይጀምር አፉን አይከፍትማ።

"ግን ይሄ ሁሉ የቢሮ ጣት ነው" አለኝ። "ጡብ ፋብሪካው ጋ፣ ልብስ አጣቢዎቹ ጋ ወስደን ለምን አንሞክረውም? የሁለት ቀን ሥራ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ በሰርግህም ቀን 'ግን' ብለሃል አሉ" አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሥራውን ከቀኑ ቀድሜ እንደማስረክብ ለከንቲባው ቃል ገብቼ ነበር፤ ሊመሰገን የጓጓ ሰው ደግሞ ምን ይሰማል? የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይላሉ፤ ያ ጅብ እኔ ነኝ። ፈረምኩ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እኔ ሰባት ዓመቴ፣ እሷ አሥራ ስድስት ነበረች። ትምህርቷን ትታ በሕዝብ ማጠቢያው የሰው ልብስ እያጠበች አስተማረችኝ። ያኔም ገና እዚያው ነበረች፤ በቃሽ ብላት መች ሰምታኝ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሳሙናና በረኪና የበላው ጣት ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ልስልስ ብሎ፣ መስመር የሚባል ነገር አልቀረውም። በዚያ ጣት ታጥቤ፣ በዚያ ጣት ጎርሼ ነው ያደግኩት። ስብሰባው ላይ ግን አንዴም ትዝ አላለኝም። ወይ ነዶ።

በዚያ ዓመት ማዘጋጃ ቤቱ ማጠቢያውን አፍርሶ መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው አስቦ ነበር። ይህን ለማስቆም ከአጣቢዎቹ አንዷ፣ "አለቃ" የሚሏት፣ ለምክር ቤቱ ተወዳደረች። እትዬም ቤት ለቤት እየዞረች ቀሰቀሰችላት።

የምርጫው ዕለት ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሪፖርት ስቀበል ዋልኩ፤ ሁሉም ሰላም ነው። እትዬ አልደወለችም። አለቃ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ተሸነፈች። በሦስተኛው ቀን አቶ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት አስቀመጠ፤ በማጠቢያው ሰፈር ማሽኑ የመለሳቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። ሠላሳ አንድ ናቸው። አምስተኛዋ እትዬ ናት። ያን ቀን "ግን" አላለም። ወረቀቱን ትቶልኝ ወጣ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምርጫ ጣቢያው ኃላፊ ደወልኩ።

"አስታውሳቸዋለሁ" አለኝ። "ሰልፍ ላይ 'ይሄን ማሽን የመረጠው ወንድሜ ነው' ሲሉ ነበር። ተራቸው ደርሶ ቀይ በራ። ወጥተው እጃቸውን ታጥበው መጡ፤ ቀይ። ሦስተኛም ቀይ። 'ማሽኑ ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው' ብለው ይቅርታ ጠይቀውን ሄዱ።"

አቤቱታ የሚቀርበው እስከ አምስተኛው ቀን ነው። የተመለሰ መራጭ፣ ወይም ስህተቱን የሚያውቅ ሠራተኛ ከፈረመ፣ የዚያ ጣቢያ ምርጫ ይደገማል። ቅጹን ይዤ እትዬ ጋ የሄድኩት በመጨረሻው ቀን ከሰዓት ነው። እስከዚያ ስልክ ይዤ ስፈራ ነበር። አንሶላ እያሰጣች አገኘኋት።

"እትዬ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም፤ የእኔ ነው። እዚህ ጋ ፈርሚ።"

ወረቀቱን አልተቀበለችኝም። "ብፈርም አንተን ምን ያደርጉሃል?"

"ይጠይቁኛል።"

"ከሥራህ ያባርሩሃል?"

"ሊሆን ይችላል።"

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እንግዲያ ማጠቢያውን ያፍርሱት" አለች። "ሌሎቹም አይፈርሙም፤ አንድ በአንድ ለምኛቸዋለሁ። በል ወደ ሥራህ ሂድ፣ ሆዴ።"

ልለምናት እችል ነበር። የእሷም ፊርማ ቢቀር፣ የራሴን ፈርሜ ላስገባው እችል ነበር፤ አቤቱታ መቀበያው ቢሮ እስኪዘጋ ገና ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ማጠቢያው ከፈረሰ ሦስት ዓመት ሆነው። እትዬ አሁን ቤቷ ውላ ሰው ሲመጣ ስለ እኔ ታወራለች፤ እንዴት ያለ ወንድም እንዳላት። ያን ቀን ከግቢዋ ስወጣ እፎይ ማለቴን አታውቅም።