ወይፈኑ የበላው ገሳ

በክረምት ከቢቸና ሞጣ እሄዳለሁ የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ እኔ ወደ ፋንታ ይምጣ። ምክሬ አጭር ነው፤ ነጭ አትልበስ፣ ሾፌሩ «ደርሰናል» ሲል አትመነው፣ ትርፍ ሱሪ ያዝ። ለእኔም የመከረኝ ሰው ነበር። ግን መካሪው መሪጌታ ገብረ ኪዳን ስለነበሩ አልሰማሁም። እሳቸው ሲመክሩ ሰው ያናድዳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ከፋለ የሞጣዋን አየሁሽን ወዶ እህል አልቀምስ አለ። እኔና መሪጌታ ሁለቴ ሽማግሌ ሆነን ሄድን፤ አባቷ አቶ ታዘበው ሁለቴ መለሱን። በኋላ «ለመጨረሻ ጊዜ የሐምሌ ገብርኤል ማግስት ኑ፤ ከቀራችሁ ለአዴቱ ነጋዴ ልጅ እሰጣታለሁ» አሉ። በሐምሌ! ያ ሁሉ ዶፍ እየወረደ! እንዳንመጣ ብለው እኮ ነው። ከፋለ ይህን ሲሰማ አለቀሰ፤ እንባው አንጀቴን በላው።

የቀጠሮው ዕለት ጧት አውቶቡሱ ዘንድ ስንገናኝ እኔ ለሽማግሌ ወግ ነጭ ሱሪና አዲስ ጋቢ ለብሼ ዝንጥ ብያለሁ። መሪጌታ ግን ነጩን ልብስ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ከላይ ዝናብ የሚከላከል የሣር ገሳ ደፍተው መጡ።

«የሣር ክምር መስለዋል» አልኳቸው።

«ማታ እንተያያለን» አሉኝ።

ጉንደ ወይንን እንዳለፍን አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተሰነቀረ። ወረድንና መግፋት ጀመርን። አንድ ካድሬ ዳር ቆሞ «ጓዶች፣ ወደፊት!» እያለ ይጮኻል፤ አውቶቡሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እልኸኛ ነኝና ከጎማው ኋላ ቆሜ ገፋሁ። ጎማው ያን ሁሉ ጭቃ እኔ ላይ ደፋው። ካድሬው ላይ አንዲት ጠብታ አላረፈችም፤ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሞጣ ዳር ስንደርስ ሱሪዬን ልጠበው ብዬ ወንዝ ውስጥ ነከርኩት። ጎርፉ ከእጄ መንጭቆ ይዞት ሄደ! ጋቢውም በጭቃ ተለውሶ የሚለበስ አልሆነም።

«መሪጌታ፣ በገብርኤል ይዤዎታለሁ፣ ገሳውን ይስጡኝ!»

«የሣር ክምር ልትመስል?» አሉና ሰጡኝ። ሳይስቁ ቢሰጡኝ ምን ነበረበት?

አቶ ታዘበው ደጅ ቆምን። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ከቆመበትም ንቅንቅ አይልም። ከተነቃነቀ ጉዳዩን ትቶታል ማለት ነው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ታዘበው፣ ደረቅ መደብ ላይ ተመቻችተው።

«ቃልዎን ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ፣ ነጭ በነጭ ለብሰው። ከዚያ ንግግር ጀመሩ። የእሳቸው ንግግር ደግሞ ማለቂያ የለውም።

ይሄኔ ከኋላዬ አንድ ነገር ጎተት አደረገኝ። ዘወር ብል፣ ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ወይፈን ገሳዬን እየበላ ነው። «ሂድ!» አልኩት በሹክሹክታ። ወይ ፍንክች! ብርዱ ታፋዬን ነካ፤ ከዚያም ወደ ላይ ወጣ።

«ያሳጥሩት!» አልኳቸው መሪጌታን። እሳቸው እቴ! የአብርሃምን ጨርሰው የይስሐቅን ጋብቻ ጀመሩ።

ልሩጥ? ብሮጥ ከፋለን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ገሳው እስከ ወገቤ አለቀ። ከጓዳ የአየሁሽ ሳቅ ፈነዳ።

አቶ ታዘበው ተነሥተው መጡ። እኔን አዩ፤ ወይፈኑን አዩ። «ሰውዬ፣ ለምን አትሸሽም?»

«ቃልዎን ሳልሰማ?» አልኩ፣ በብርድም በንዴትም እየተንቀጠቀጥኩ።

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «የአዴቶቹ ዝናቡን ፈርተው ለመስከረም ይሁንልን ብለዋል። እንዲህ የሚቆምለት አጎት ያለው ልጅ ልጄን አይበድላትም። ሰጥቻለሁ!»

አየሁሽ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ የአባቷን ሱሪ ዘረጋችልኝ። «አጎቴ፣ ይልበሱ» አለች። አጎቴ! ደስታዬን የት ላድርሰው! ዝናቡንም ካድሬውንም ይቅር አልኩ።

ወይፈኑን ግን ይቅር አላልኩትም። ጥር ላይ ለሠርጉ ታረደና ደጋግሜ እያስጨመርኩ በላሁት። መሪጌታ ከጎኔ ተቀምጠው አዩኝና፣

«ቀስ በል እንጂ፣ የምትበላው እኮ የእኔን ገሳ ነው» አሉኝ።