የአንገቱ ጥቁር መቀነት

የእባቡን ጭንቅላት አድቅቀውታል። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ መለያው ያለበትን ራሱን በድንጋይ ቀጥቅጠው ሲያበቁ ቀሪውን እንደ ገመድ እየጎተቱ አምጥተው «ምንድን ነው?» ይሉታል። ጣውላ ደርዳሪው በእጁ አልነካውም። የሞተ እባብም እንደሚነክስ ስንት ጊዜ ነግሯቸው ስንት ጊዜ ስቀውበታል። ራቅ ብሎ ቆሞ በረጅም ስንጥር እንጨት ገለበጠው።

የቤት እባብ ቢሆን ሆዱ ዳር እስከ ዳር እንደ ወረቀት በነጣ ነበር። የዚህኛውን ግን ከደቀቀው ራስ ዝቅ ብሎ፣ አንገቱ ሥር፣ አራት ጣት የሚሰፋ ጥቁር መቀነት ዞሮታል።

ኮብራ ነው።

«እህ?» አለ ፎርማኑ ከኋላው።

«ቆይ፣ ላጣራ።»

የሚጣራ ነገር አልነበረም። ጠዋት ከጣውላው ክምር መሀል ስንዝር የማትሞላ ቡናማ ጅራት ስትሹለከለክ ሠራተኛው ሁሉ ሥራ አቁሞ ወደ እሱ ዞሮ ነበር። በዚህ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ፣ ሰው የእሱን አፍ የሚጠብቀው በእባብ ነገር ብቻ ነው። «ዶክተሩ» ይሉታል፤ ከስድስተኛ ክፍል እንዳላለፈ እንዳይረሳ። ቢሆንም ይጠብቁታል። ሙሉውን ሳያይ ላይናገር ለራሱ የወሰነ ሰው ነበር። ዛሬ ግን ፎርማኑ ቆሞ ነበር፤ መጋዝ የሚያንቀሳቅሰው ታላቅ ወንድሙም ማሽኑን አጥፍቶ ቆሞ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት «አላውቅም» ማለት ሞቱ ሆነበት።

«የቤት እባብ ነው፤ ሥራው አይጥ መብላት ነው። ተዉት፣ ምንም አያደርግም» አላቸው።

ወንድሙ ቃሉን አምኖ ከቀትር በፊት እጁን ክምሩ ውስጥ ከተተ፤ ጣቱን ተነከሰ።

ወንድሙ! አባታቸው የሞቱ ጊዜ ለቀስተኛው መሀል ተቀምጦ «ከእኛ ቤት እኔ ተማርኩ፣ እሱ ተረፈ» ብሎ ሰው ያሳቀበት ወንድሙ። ወንድሙ እንዲማር ከትምህርት ቤት የወጣው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ግቢ እየሠሩ ከሥራ ቃል በስተቀር አልተነጋገሩም።

አሁን ወንድሙ ግንድ ላይ ተቀምጧል። ጣቱ እምብዛም አላበጠም።

«ጋሼ፣ የሞተው እኮ እባቡ ነው፤ አንተ ምን ያስተክዝሃል?» አለው አንዱ።

«እኔን ነክሶ መች ይተርፋል» አለ። ሳቁ። «ብቻ እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ።»

ደርዳሪው አየው። የግራ ዓይኑ ቆብ ከቀኙ ዝቅ ብሏል።

መድኃኒቱ ያለው ሆስፒታል ብቻ ነው፤ አርባ ኪሎ ሜትር። መኪና አንድ ነው፤ ጣውላ ተጭኖበት ሹፌሩ ገመዱን እያጠበቀ ነው፣ መንገዱም ወደ ሌላ አቅጣጫ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ያ ቃል ከወጣ ግን ነገ በዚህ ግቢ ምን ይዞ ይቆማል? ኮብራ አንዳንዴ መርዝ ሳይለቅ ይነክሳል፤ ያውቃል። ይህችን ተስፋ ጨበጠ። ሹፌሩ ሦስት ገመድ አስሮ እስኪጨርስ ድረስ ጨብጧት ቆመ።

ወንድሙ ውሃ ጠየቀ። ሰጡት። መዋጥ አቃተው፤ ውሃው በአፍንጫው ተመልሶ ወረደ።

«ኮብራ ነው» አለ ደርዳሪው። የሰማው የለም፤ አንዱ መጋዙን አስነስቶት ነበር። ያንኑ ቃል እንደገና፣ በጩኸት ማለት ነበረበት። «ኮብራ ነው! መኪናውን ስጡኝ!»

መጋዙ ጠፋ።

«ጠዋት ምን ነበር ያልከው?» አለ ፎርማኑ።

«ጅራቱን ብቻ አይቼ ነው የተናገርኩት። ተሳስቻለሁ።»

ፎርማኑ ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ዶክተሩ» አለ በቀስታ፤ ከዚያ ወደ ሹፌሩ ዞሮ «ከነጭነቱ ንዳው» ብሎ ጮኸ።

ደርዳሪው ምላጭና ገመድ ይዞ የመጣውን ገፈተረው። «አትቁረጡት፣ በገመድም አታስሩት። ክንዱ እንዳይንቀሳቀስ ብቻ።» ቀጭን ጣውላ ደግፎ በጨርቅ ጠቀለለለት። ከግቢው ክሊኒክ የመጣችው ነርስ የያዘችው ፋሻ ብቻ ነበር። ጋቢናው ደረጃ ላይ ወጥታ በመስኮቱ አነጋገረችው።

«ትንፋሹ ከደከመ በአፉ ተንፍስለት። ሆስፒታል እስክትደርሱ አታቁም። ዓይኑ ቢዘጋ፣ ሰውነቱ ቢዝል፣ ሞተ እንዳትል። እሱ ይሰማሃል።»

አሥራ ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የወንድሙ አንገት አልታዘዝ አለ። ጭኑ ላይ አስተኛው። ጭነቱ ከኋላ ይንቋቋል፣ መኪናው ዳገቱን ያቃስታል። ደረቱ ከፍ አለ፤ ዝቅ አለ፤ ከዚያ ከፍ ማለቱን ተወ።

አፍንጫውን ይዞ አፉን አፉ ላይ ገጠመ። ነፋ። ደረቱ ተነሣ። ቀና አለ። «ጋሼ» አለና ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመው ሁሉ ከዛሬው ጋር ባንዴ መጣበት፤ ለቅሶው፣ ሳቁ፣ ጅራቱ፣ ሦስቱ ገመድ። የቱን ያስቀድም? ለቃሉ የሚሆን ጊዜ አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ነፋ።

«አለ?» አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ።

ያለችውን ትንፋሽ ለመልስ ሊያጠፋት አልፈለገም። ነፋ፤ ደረቱ እስኪወርድ ጠበቀ፤ እንደገና ነፋ።