እናቴ የቀረችበት ደጅ

በእኛ አገር የፓስተር ቤት የመንደሩ ነው። ፓስተር ሲያረጅ ምንጣፉንና ድስቱን ይዞ ወደ ተወለደበት መንደር ይመለሳል፤ ቤቱን አዲስ የተጠራው ፓስተር ይረከበዋል። አባቴ ፓስተር ፔኒያሚና ይህን ሲያውቀው ኖሯል። እኛን ልጆቹን በዚያ ቤት አሳደገን፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የመንደሩን ልጆች ሰብስቦ ከእናቴ ጋር ፊደል ያስተምር ነበር። ቤቱን መልቀቅ አልከበደውም። የከበደው እናቴ ፉአቲኖ ደጁ ላይ መቀበሯ ነው።

ከዓመታት በፊት የባሕር ማዕበል መንደሩን የመታ ቀን እናቴ ተማሪዎቹን ይዛ ኮረብታው ላይ ደርሳ ነበር። የጎረቤታችን የአሮጊቷ ማታሊና የልጅ ልጅ፣ ትንሿ ሲና፣ ከኋላ እንደቀረች ስታይ ተመለሰች። ሁለቱንም ሞተው፣ እንደተቃቀፉ አገኘናቸው። ለማላቀቅ ማንም አልደፈረም፤ አንድ የሬሳ ሳጥን ተሠራላቸው።

አባቴ አርጅቶ መንደሩን የሚለቅበት ቀን ሲቃረብ የመንደሩን አለቆች ሰብስቦ፣ አጥንቷን ወደ ተወለድኩባት ደሴት ወደ ሳቫይ ልውሰድ ብሎ ለመነ። ልማዱ አለ፤ አጥንት በጥሩ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከዘመድ ጋር ይሄዳል።

በሸንጎ ስለ አለቆቹ የሚናገረው አለቃ ሌሉአ፣ "አባታችን፣ ለስንብትዎ አሳማ ስጡኝ፣ ጀልባ ስጡኝ ቢሉን ደስ ይለን ነበር። እርሷ የእኛም እናት ናት" አለ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ግን፣ "እስከ ዛሬ ምንም ጠይቀውን አያውቁም። ይውሰዷት" አሉት።

በምንሄድበት ቀን ጠዋት አካፋ ይዘን ስንመጣ አሮጊቷ ማታሊና መቃብሩ ላይ ተቀምጣ ትንባሆዋን ታጨሳለች።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሌላ መቀመጫ አጣሽ?" አለ ሌሉአ።

"አንተ ንግግርህን ለሸንጎህ አስቀምጥ!" አለችና ወደ አባቴ ዞረች። "አባታችን፣ እኔ አልከለክልዎትም፤ ሚስትዎት ናት። ግን የትኛው አጥንት የሲና፣ የትኛው የእርሷ እንደሆነ ማን ይለየዋል?"

"ትንንሾቹ..." አለ አባቴ። አልጨረሰውም።

"እንግዲያ ሁለቱንም ይውሰዱ" አለ ሌሉአ።

"የሲና እናት ከኒውዚላንድ ስትመጣ ልጅሽ የት ሄደች ልበላት?" አለች ማታሊና። " ለይተው ቢወስዱስ ሕፃኗን ማን ያቅፍልኛል?"

አባቴ አካፋውን ከእጄ ወሰደና ለሌሉአ ሰጠው።

"ፉአቲኖ የተመለሰችው ለሲና ብላ ነው" አለ። "እኔ ከእጇ አልነጥቅም።"

ማታሊና ፊቷን በልብሷ ሸፈነች።

"እኔ ስሞት ግን ወደዚህ አምጡኝ፣ ሌሉአ። እዚሁ አጠገቧ" አለ አባቴ።

ሌሉአ መሬት መሬት አየ። ደጁ ከነገ ጀምሮ የሌላ ፓስተር ነው። "አባታችን፣ እሱን ቃል ልገባልዎት አልችልም" አለ።

"አውቃለሁ። እንዲያው ጠየቅሁ።"

ከዚያ ማታሊናን፣ "እስቲ ትንሽ ጠጋ በይልኝ" ብሎ አጠገቧ ተቀመጠ። መኪናው ጥሩንባውን ነፋ፤ ወደ ወደቡ መሄጃችን ደርሷል።

"አባባ፣ መርከቡ ያመልጠናል" አልኩት።

ቀና ብሎ አላየኝም። "አንተ ሂድና ዕቃውን ጫን" አለኝ።

ዕቃው ከተጫነ ቆይቷል። ቢሆንም ሄድኩ።